ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው
የሥራ ሰው አመራረጥ ታሪክ በአገራችን

ከጎሬ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ማሻን የሚያገኛት በጥቅጥቅ ደን፥ በጉምና በዝናብ መካከል ነው። የሸካ አገር በእንሰቱ፥ በማሩ፥ በኮረሪማውና በደን ቡናው የታወቀ ነው። እኛ ዛሬ ስለ ማሻ የምናነሣው ግን የደኑን ውበት ለማመስገን ሳይሆን በዚያች ከተማ በመንግሥት ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ሰው ለመናገር ነው። ማሻ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት በሞቻ አውራጃ ነበረች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በደቡብ ክልል ተካታ በከፊቾ ሸኪቾ ዞን ሥር ሆነች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያ ዞን ለሁለት ሲከፈል የሸካ ዞን መቀመጫ ሆነች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከአዲሱ ክልል ጋር ተቆጠረች። እንግዲህ አንድ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ በወጣትነቱ ተቀጥሮ እስከ ጡረታው ድረስ በዚያች ከተማ ቢያገለግል፥ ከወንበሩ ሳይነሣ አለቃው፥ ማኅተሙ፥ የበላይ መሥሪያ ቤቱና የሚሠራበት ደንብ ደጋግመው ተለዋውጠውበታል ማለት ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ወንበር ሰው የሚመርጥ ሹም የሚጠይቀው ትልቅ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ «ይህ አመልካች ነገሩ ሁሉ በተለወጠበት፥ ጊዜው በጠበበትና ሰው በተጨነቀበት ቀን ምን ዓይነት ሰው ይሆናል?» የሚል ነው። የምስክር ወረቀት ይህን አይናገርም። ወረቀቱ የሚናገረው ሰውየው ትናንት ምን እንደ ተማረ ነው፤ ነገ መንገዱ ሲቆረጥና ትእዛዝ ሲዘገይ ምን እንደሚያደርግ አይደለም። ስለዚህ አባቶቻችን ይህን ጥያቄ እንዴት ይመልሱት እንደ ነበረ መመርመር የታሪክ ወዳድ ሥራ ብቻ ሳይሆን ለዛሬው ቀጣሪም የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል።

በጥንቱ ቤተ መንግሥት የታወቀው የሰው መፈተኛ ደጅ ጥናት ነበር። ሹመት ወይም ጉልት የሚፈልግ ሰው በንጉሡ ወይም በመኳንንቱ ደጅ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይመላለሳል። በግብር ሰዓት ይታያል፤ በጉዞ ይከተላል፤ ባልደረባ ይዞ ስሙ እስኪነሣለት ድረስ ይጠብቃል። ይህ ልማድ አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ሰውየው በአንድ ቀን ንግግር ሳይሆን በረዥም ጊዜ ጠባዩ ይታይ ነበር። ጉድለቱ ግን ከጥቅሙ ይበልጣል። ደጅ ጥናት የሚለካው ትዕግሥትን ነው፤ ትዕግሥትም ደግ ነገር ሆኖ ሳለ፥ መጠበቅን የሚችል ሁሉ መለወጥን ይችላል ማለት አይደለም። ይህም ብቻ አይደለም፤ ስንቅ ያለው ብዙ ይጠብቃል፥ ድኻው ግን ስንቁ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ ፈተናው የሰውን ልብ ሳይሆን የሰውን ጎተራ የሚመዝንበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና በቤተ ክህነት የነበረውና ዛሬም ያለው የቅኔ ጉባኤ ነው። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በየቀኑም አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። መምህሩ በአደባባይ ያርመዋል፤ ተማሪውም ታርሞ፥ አፍሮም ቢሆን፥ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። ቅኔ ቤት ተማሪውን ያስጨንቀዋል፤ ነገር ግን የሚያስጨንቀው በሥራው በራሱ ነው እንጂ በስድብና በማስፈራራት አይደለም። ልኩና ሰዋስዉ የጸና ነው፤ ቃሉና ምሥጢሩ ግን በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። ሕጉን ሳያፈርሱ አዲስ ነገር መፍጠር ማለት ይህ ነው። እንደ እኛ አስተያየት፥ ለውጥን የሚችል ሠራተኛ ማለትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሦስተኛው ፈተና የሥራ ሜዳ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የመጡ ሰው ነበሩ። በዘመናዊ ትምህርት ቤት አልተማሩም። ነገር ግን በጦር ሜዳና በችሎት ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ስለ ታዩ፥ ምርኮኝነታቸው ከሹመት አልከለከላቸውም። እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ፥ ዐፄ ምኒልክ ታመው መንግሥት ሲናወጥ፥ ልጅ ኢያሱ ሲወርዱና ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ፥ በዚያ ሁሉ ለውጥ መካከል ከዋነኞቹ የመንግሥት ምሰሶዎች አንዱ ሆነው ቆዩ። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው የሚለው የአገራችን ተረት የዚህ ዓይነቱን አመራረጥ በአጭር ቃል ይገልጠዋል።

ወደ ደቡብ ምዕራቡ አገርም ስንመለከት አንድ ተጨማሪ ትምህርት እናገኛለን። እስከ 1890 ዓ.ም. በቆየው በከፋ መንግሥት፥ ሚክሬቾ የተባሉት አማካሪዎች ታቶ የሚባለውን ንጉሥ ከሚንጆ ጎሣ መካከል ይመርጡ ነበር። የመራጩ ዓይን አንድ ሳይሆን ብዙ መሆኑ ለአንድ ሰው ፍቅርና ጥላቻ ልጓም ይሆናል። የዛሬው የቅጥር ኮሚቴም በሐሳቡ ከዚህ አይለይም፤ የኮሚቴው አባሎች ሁሉ የሰብሳቢውን ፊት እያዩ እጃቸውን የሚያወጡ ከሆነ ግን ብዙ ዓይን መኖሩ ከንቱ ነው።

ጭንቀትና ለውጥ በአንድነት ወርደው የአገራችንን ወጣቶች የፈተኑበትን ጊዜ ለማየት ግን ከማሻ በስተሰሜን ወዳለችው ወደ ጎሬ እንመለስ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ አስተማሪዎቹ የስዊድን መኮንኖች፥ ተማሪዎቹም ከዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ። ወጣቶቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የኢጣልያ ጦር መጣ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጡ፤ አዲስ አበባም ተያዘች። በጎሬ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመሩት ጊዜያዊ መንግሥት ቆመ፤ ከሽሬ ጦርነት የተመለሱት ልዑል ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደዚያው መጡ።

በዚያን ጊዜ በወለጋ የተሰበሰቡት የሆለታ ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ በቦነያ ባረፉት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ላይ አደጋ ጥለው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከሞቱትም መካከል የኢጣልያ አየር ኃይል ጄኔራል ማሊዮኮ ነበረ። የጦርነቱ ዓይነት ከትምህርት ቤቱ ሥዕል ፈጽሞ የተለየ ነበር፤ ስንቅ የለም፥ የበላይ ትእዛዝ የለም፥ አለቃና ጭፍራም እንደ ቀድሞው አልነበረም። እነርሱ ግን የአሠራራቸውን መንገድ ለወጡ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን ማኅበሩ ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡ የፖለቲካ አመራር ከጦር አመራር በላይ እንዲሆን፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛም እንዳይንገላታ ያዝዝ ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ አገር በጠፋበት፥ ሁሉ በተለወጠበት ጊዜ፥ ወጣቶቹ መጀመሪያ ካደረጉት ነገር አንዱ የማይለወጠውን መጻፍ ነበር። መንገዱን ለወጡ እንጂ ዓላማውን አልለወጡም። ይህም ጽሑፋችን ሊያስረዳ የሚፈልገው ዋና ነገር ነው። ለሥራ የሚፈለገው ሰው ፈጽሞ የማይታጠፍ አይደለም፤ በነፈሰበት ሁሉ የሚታጠፍም አይደለም። የሥራውን መንገድ እንደ ጊዜው እየለወጠ የሥራውን ዓላማ የሚጠብቅ ሰው ነው።

የጥቁር አንበሳ ፍጻሜም ያስተምረናል። ደንባቸው ከምርኮ ይልቅ ሞትን እንዲመርጡ ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ይህን የምናነሣው ለመንቀፍ አይደለም። ከልክ ያለፈ ጭንቀት ደህናውንም ሰው እንደሚያደርሰው ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ፈታኝ የሆነ ሰው አመልካቹን እስኪሰበር ድረስ ቢጫነው፥ የሚያገኘው እውቀት ሰው ሁሉ ሊሰበር እንደሚችል ብቻ ነው፤ ይህንን ደግሞ ሳይፈትንም ያውቀው ነበር።

ከነጻነት በኋላ የአገራችን አስተዳደር ቅጥርን በሕግ ለማሰር ብዙ ደከመ። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1961 በትእዛዝ ቁጥር 23 የመንግሥት ሠራተኞች ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በተከታዩም ዓመት የመንግሥት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 1 ወጣ። ሐሳቡ ሹመትና ቅጥር በዝምድናና በደጅ ጥናት መሆኑ ቀርቶ በችሎታና በውድድር እንዲሆን ነበር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ውድድር ማለት የጽሑፍ ፈተና ብቻ ከሆነ፥ የሚመረጠው ያጠና ሰው ነው። ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በላይ ሹማምንታቸውን በጽሑፍ ፈተና ሲመርጡ ኖረው በ1905 ያንን ሥርዓት የተዉት፥ የጥንቱን መጻሕፍት ጠንቅቆ ማወቅ አዲሱን ዘመን ለመቋቋም እንዳልበቃ በማየት ነበር። እንግሊዞችም በ1854 በወጣው የኖርዝኮትና የትሬቬልያን መግለጫ መሠረት የውድድር ፈተናን ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ፈተናና የቤተሰብ ስም መኮንንን ለይተው እንዳላሳዩአቸው ተረዱ።

ስለዚህ በ1942 አዲስ የመምረጫ ጉባኤ አቆሙ። በዚያ ጉባኤ ጥቂት አመልካቾች በአንድነት ሆነው ጣውላና ገመድ ይሰጣቸውና መሰናክል እንዲሻገሩ ይታዘዛሉ፤ አለቃቸው ማን እንደ ሆነ ግን አይነገራቸውም። ፈታኞቹ ዳር ቆመው፥ ማን ሐሳብ እንደሚያመጣ፥ ማን የሌላውን ሐሳብ እንደሚሰማ፥ የመጀመሪያው ዘዴ ሳይሠራ ሲቀር ማን እንደሚናደድ፥ ማንስ ሌላ ዘዴ እንደሚፈልግ ይመዘግባሉ። ጦርነቱ ሲያልቅም ይህ አሠራር ለእንግሊዝ የመንግሥት ሥራ ምርጫ ተወሰደ። በዚያው ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ለስለላ የሚልኩአቸውን ሰዎች በሚያንጸባርቅ መብራት ፊት አስቀምጠው በቁጣና በማዋከብ ይጠይቁአቸው ነበር። ይህ ለእነርሱ ምክንያት ነበረው፤ ሰላይ በጠላት እጅ ሊወድቅ ይችላልና። ለሰላይ የተሰናዳ ፈተና ለመዝገብ ቤት ጸሐፊ ይስማማል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው።

ይህን ስሕተት እኛ ራሳችን ሠርተነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆነን ተቀምጠን ሳለ፥ ከመካከላችን አንዱ ጭንቀት ይችሉ እንደ ሆነ ለማየት በሚል አመልካቾቹን ይቆጣ ነበር። «ይህን ካላወቅህ ለምን መጣህ?» ሲለው አንደኛው ወጣት አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ሁለተኛው ግን ሳይደነግጥ ቃል በቃል መለሰለት። እኛም ሁለተኛውን ደፋር ነው ብለን መረጥን። ክረምት ገብቶ መንገድ ሲቆረጥና የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ሳይደርስ ሲቀር፥ የመረጥነው ሰው ትእዛዝ አልመጣልኝም ብሎ ቢሮውን ቆልፎ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በክርክር የሚረታው አልነበረም፤ ነገር ግን የፈለግነው ክርክር አልነበረም። ዝም ያለው ወጣት ከትልቅ ሰው ጋር መመላለስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ እንደ ሆነ ከፈታኞቹ አንድም ያሰበ አልነበረም። እኛም ቁጣው እንዳልተገባ እያወቅን አልተናገርንም። በዚያ ቀን ጭንቀት ሳይችል የቀረው አመልካቹ ሳይሆን እኛ ነበርን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቀጣሪ የሚሆን ምን ትምህርት ይገኛል? በመጀመሪያ፥ ለፈተና ከመቀመጥ በፊት ያ ሥራ በእውነት የሚያመጣውን ጭንቀትና ለውጥ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። በማሻ ላለ ጸሐፊ ጭንቀቱ የፈታኝ ቁጣ አይደለም፤ በዝናብ የተቆረጠ መንገድ ነው፤ የጠፋ መብራት ነው፤ አሮጌው ደንብ ተሽሮ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ሳምንት ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ ዛሬውኑ መመለስ ያለበት ገበሬ ነው።

ሁለተኛ፥ አመልካቹ የሚያስበውን ብቻ ሳይሆን ያደረገውን መጠየቅ ይገባል። «ለውጥ ትወዳለህ ወይ?» ቢሉት አልወድም የሚል የለም። «የጀመርከው ሥራ በመካከሉ የተለወጠብህን አንድ ጊዜ ንገረን፤ ምን አደረግህ? ምንስ አላደረግህም? በመጨረሻ ምን ሆነ?» ቢሉት ግን የኖረው ሰው ይናገራል፥ ያልኖረው ይጨነቃል። ሥራ ይዞ ለማያውቅ ወጣት ደግሞ ከእርሻ፥ ከትምህርት ቤት ወይም ከቤተሰብ ኑሮ የሆነውን እንዲነግር መፍቀድ፥ ወይም በሥራው ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር አቅርቦለት ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ይቻላል። በ1980 በኤውሮፓ አቆጣጠር ጌሪ ሌተምና ባልደረቦቹ ያሳወቁት የአጠያየቅ ዘዴ ይህን የመሰለ ነበር፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርባል፥ የመልሱም መመዘኛ አስቀድሞ ይጻፋል። እያንዳንዱ ፈታኝ ነጥቡን ለብቻው ከጻፈ በኋላ ነው ውይይት መጀመር ያለበት፤ አለዚያ የሚክሬቾ ብዙ ዓይን የአንድ ሰው ዓይን ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፥ ከተቻለ ሜዳውን ማቅረብ ነው። ለጸሐፊ አመልካች አሥር ደብዳቤ ሰጥቶ በቀን ቅደም ተከተል እንዲመዘግባቸው ማዘዝ፤ እኩሌታውን ሲጨርስ፥ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ስለ መጣ አመዘጋገቡ በቀን መሆኑ ቀርቶ በቀበሌ እንዲሆን መንገር። ከዚያ በኋላ መመልከት ነው። የተለወጠበትን ምክንያት ይጠይቃል? የሠራውን ሁሉ ያፈርሳል ወይስ የሚጠቅመውን ያስቀራል? ስሕተት ሲያገኝ ይናገራል ወይስ ይሸፍናል? እንዲያውም ከትእዛዞቹ መካከል ደንብ የሚያፈርስ አንድ ነገር ቢጨመርና አመልካቹ በትሕትና «ይህ ከደንቡ ጋር አይስማማም» ቢል፥ ነጥብ ሊቀነስበት ሳይሆን ሊጨመርለት ይገባል። ለሁሉ ነገር እሺ የሚል ሰው ለውጥን የሚችል ይመስላል፤ እውነቱ ግን የሚለውጠው መንገዱን ሳይሆን ዓላማውን ነው።

አራተኛ፥ የሙከራ ጊዜን በሙሉ ልብ መጠቀም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለአዲስ ሠራተኛ የስድስት ወር ሙከራ ደንግጎ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የሙከራ ጊዜ ከስድሳ የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይወስናል። በብዙ ቦታ ግን ይህ ጊዜ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ ወሩ ሲያልቅ የሚሞላ ቅጽ ብቻ ይሆናል። የቅኔ መምህር በየቀኑ የሚሰማና የሚያርም ከሆነ፥ አለቃ በሳምንት አንድ ቀን ሠራተኛውን ጠርቶ የሠራውን ማየትና ማረም እንዴት ይከብደዋል? ሰው ለውጥን መቻል በተፈጥሮው ብቻ ይዞት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በመታረምም ይማረዋል።

በመጨረሻም ስለ ፍትሕ አንድ ቃል እንጨምር። በሸካ አገር ለሥራ የሚቀርብ ወጣት ቤቱ የሚናገረው ሸኪኖኖ ሲሆን የሚፈተነው በአማርኛ ሊሆን ይችላል። በቃሉ መካከል ቆም ቢል፥ የሚያስበው በሁለት ቋንቋ ነውና ፈታኙ ዝግታውን እንደ ድንጋጤ አይቁጠርበት። ዛፍ ላይ ቀፎ ለመስቀል የሚወጣውን ሰው ባለቀፎው በአንደበቱ አይመርጠውም፤ ገመዱን ሲይዝና ቅርንጫፉን ሲመረምር አይቶ ነው እንጂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ በችኮላ የተመረጠ ሠራተኛም በቸገረ ቀን ይፈታል። በጉም ውስጥ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ገበሬ በቢሮው ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሩ እስኪከፈት የሚጠብቀው፥ እኛ በአንድ ጧት የመረጥነውን ሰው ነው።